ዋጋውን ሲጠይቁኝ ያልኩት

ለንደን፣ ቶተንሃም ያለችው ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ወጥ ቤት አላት። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከካውንስሉ፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ገዛናት። እሱ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ እኔ ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ክፍያዋን በጨረስን በዓመቱ እሱ አረፈ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ከዚህች ቤት ሌላ፣ እዚህም ሆነ አገሬ፣ የኔ የምለው ጣሪያ የለኝም። ይህችን ቤት ነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ለልጄ ንግድ መያዣ አድርጌ የፈረምኩት።

ልጄ አንድ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥር ዓመት ያህል በአንድ ትልቅ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ስትሠራ ቆይታ፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ሥራ ለቅቄያለሁ» አለችኝ።

«ምነው? አስቀየሙሽ?»

«ኧረ ማንም አላስቀየመኝም። የራሴን ነገር ልሠራ ነው።»

የራሷ ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። ኮምፒውተር ሲበላሽ፣ ወይም ሰው በስህተት የሚፈልገውን ሲያጠፋ፣ የጠፋውን መልሶ የሚያመጣ ፕሮግራም ነው። እስከዚህ ገባኝ። ያልገባኝ የሚገዛው ማን እንደሆነ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ኦፕን ሶርስ በሚሉት ኮምፒውተር ላይ ነው። ኦፕን ሶርስ ማለት የውስጡ አሠራር ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ካልተስማማውም ራሱ ከፍቶ የሚያስተካክለው ነው። ተጠቃሚዎቹ በዚህ በጣም ይኮራሉ አለችኝ።

«ታዲያ ሁሉን በነፃ የለመደ ሰው ካንቺ በገንዘብ ለምን ይገዛል?» አልኳት።

«ገንዘብ እንዲያስገቡ የለመንኳቸው ኢንቨስተሮችም የጠየቁኝ እኮ ይሄንኑ ነው!» ብላ ሳቀች።

«ምን አልሻቸው?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው።»

«እነሱስ?»

«ሊፍቱ ድረስ ሸኙኝ።»

ልጅ ሳለሁ ከሰፈራችን ዳገት ሥር ምንጭ ነበር። ውሃው የማንም አልነበረም፤ የፈለገ ሄዶ ይቀዳል። ዳገቱን መውጣት የማይፈልግ ግን ውሃ ከሚያመላልሱት ሴቶች በእንስራ ይገዛ ነበር። እነዚያ ሴቶች በዚያው ልጅ አሳድገዋል። ይህን ስነግራት ልጄ ከወንበሯ ብድግ አለች። «በቃ! ይሄንን ነበር መንገር የነበረብኝ!» አለች። ወዲያው ግን ትንሽ አሰበችና፣ «ችግሩ የኔ ደንበኞች ዳገት መውጣት የሚወዱ ናቸው» አለች።

ባንኩ ቤት ያለው ዋስ ካመጣች ብቻ እንደሚያበድራት ነገራት። ዋስ ሁኚኝ ብላ አልጠየቀችኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄደች። አነበብኩትና ደውዬ፣ «እኔ እፈርማለሁ» አልኳት።

ለመፈረም ካምደን አንድ ጠበቃ ቢሮ ሄድን። ጠበቃዋ ወጣት ሴት ነበረች። ሕጉ ስለሚያዝ ልጄን ከክፍሉ አስወጣቻትና ብቻዬን ጠየቀችኝ።

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ልጅዎ መክፈል ቢያቅታት ባንኩ ቤትዎን ሸጦ ገንዘቡን ሊወስድ እንደሚችል ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

ቃሉ ገብቶኝ ነበር። ፍርሃቱ የመጣው ስመለስ አውቶቡስ ላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን መስኮቶች ሳይ፣ ከእያንዳንዱ መስኮት በስተጀርባ ቤቱ የራሱ የሆነ ሰው ያለ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ዕቃ ስነካ የሰው ዕቃ የነካሁ ይመስለኝ ነበር። የበሩን እጀታ ቀለም ላስቀባ አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ዌምብሊ የምትኖረው የልጄ የክርስትና እናት ስትሰማ በማግሥቱ መጣች። እኔና እሷ ወደዚህ አገር የመጣነው በተመሳሳይ ዓመት ነው። አፏ እንደ ምላጭ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽን ለኮምፒውተር አስያዝሽው አሉ?»

«ለልጄ ነው ያስያዝኩት።»

«ታዲያ ምን ለየው? ልጅሽ ራሷ ኮምፒውተር አይደለች? ሠርግ ቤት ይዤያት ብሄድ የሙዚቃውን ማሽን ስትጠግን ነው ያመሸችው።»

«ትሠራለች ብዬ አምናለሁ።»

«እኔም አምናለሁ። መሥራቱን ማን ጠላ! የሚገዛትስ?»

ቡናዋን ቀዳሁላት። ስትሄድ ሊፍቱ ጋ ደርሳ ተመለሰችና፣ «ለማንኛውም፣ የኔ ሶፋ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል» አለችኝ። ልታስቀኝ ብላ ነው። ያን ቀን እራቴን መብላት አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጄ ቤት ኪራይ ለመቀነስ ትንሿን መኝታ ክፍል ይዛ እኔ ጋ ገባች። የምትሠራው እዚያው ስለነበር ሥራዋን በግድግዳ በኩል ተማርኩት ማለት እችላለሁ። ገዢዎቿ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኞቹ ቤታቸው ባለ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው፤ አንዴ ትንሽ ገንዘብ ይከፍላሉ። ሁለተኞቹ ድርጅቶች ናቸው፤ በየዓመቱ ብዙ ይከፍላሉ፤ ግን ገና አንድም አልመጣም ነበር። ስለዚህ ለባንኩ በየሦስት ወሩ የምንከፍለው ከቤት ተጠቃሚዎቹ ከሚመጣው ነበር።

የቤት ተጠቃሚዎቹ ጠባይ አስገረመኝ። ድሆች አይደሉም። ለአንድ ብስክሌት የኔን የዓመት ጡረታ የሚያወጡ አሉ። ፕሮግራም በገንዘብ መግዛት ግን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። አንዱ፣ «የውስጡን ካላሳየሽኝ አልገዛም» ብሎ ጻፈላት። ሌላው፣ «ይህን እኔ ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ» አላት።

«ይጻፈዋ!» አልኩ እኔ።

«ይጽፈዋል እኮ፣ እማዬ። ችግሩ እሱ ነው። ሲሪየስሊ፣ ግማሹን ይጽፈዋል። ከዚያ ይሰለቸዋል፤ የጻፈውን ግማሽ ደግሞ ለሁሉም በነፃ ይሰጠዋል።»

የከፈሉት ደግሞ ጥያቄ አያልቅባቸውም። አንድ ሰው ከፍሎ ሃያ ጊዜ ይጽፋል። ልጄ ለሁሉም ትመልሳለች። አንድ ቀን በወረቀት አስልታ፣ ለሚጠይቀው ሰው የምታጠፋው ጊዜ እሱ ከከፈላት እንደሚበልጥ አሳየችኝ። ይህን እየተናገረች ፈገግ ብላ ነበር። እኔ ወረቀቱን ሳይ ቤቴን አየሁ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ያለው የፖስታ ቀዳዳ ሲንቀሳቀስ የባንኩ ደብዳቤ ነው ብዬ እደነግጥ ነበር። ከፒዛ ማስታወቂያ ሌላ ምንም በማይመጣበት ቀን እንኳ ማስታወቂያውን ገልብጬ አያለሁ።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ካምደን አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኦፕን ሶርስ ሰዎች ጉባኤ ነበራቸው። ቅዳሜ ነው። ልጄ ጠረጴዛ ተከራይታለች፣ ንግግርም ታደርጋለች። አብራት ልትቆም የነበረችው የድሮ መሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ታመመችባት።

«እማዬ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። እኔ ንግግሬን አድርጌ እስክመለስ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ። ከጠየቁሽ ይሄን ካርድ ስጪ።»

«ዋጋ ቢጠይቁኝስ?»

«ተጽፏል። እዚህ ላይ አሳዪያቸው።»

የክት ነጠላዬን ልልበስ ወይስ ካፖርት ብዬ ካፖርት ለበስኩ። አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ቦርሳ ያዘሉ፣ ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ የለበሱ። ማንም አልቀረበኝም። እያንዳንዱ ወረቀቱን ያነብባል፣ ዋጋው ጋ ሲደርስ ቅንድቡን ያነሳል፣ ያልፋል። የሰዎቹን ቅንድብ እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ። እግሬ ከቅዝቃዜው የተነሣ ደነዘዘ።

ነጭ ጢም ያለው፣ በኔ ዕድሜ የሚሆን ሰውዬ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየኝና፣ «በረደዎት መሰለኝ» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ሄደና በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ስኳሩንም ለብቻው አምጥቷል። ከጎኔ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር እንደሆነ፣ አሁን ጡረታ እንደወጣ፣ ሚስቱ እንደሞተችና የእሷን ፎቶዎች የያዘው ኮምፒውተር አንዴ ተበላሽቶበት እንደነበር ነገረኝ። በልጄ ፕሮግራም ነው ያወጣቸው፤ ለሙከራ ተብሎ ለአንድ ወር በሚሰጠው። ወሩ አልቆበታል።

«አሁን ስንት ነው ዋጋው?» አለኝ።

ወረቀቱ ፊታችን ነበር። ጣቴን ዋጋው ላይ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሻይ ላመጣልኝ፣ ሚስቱ ለሞተችበት፣ በኔ ዕድሜ ላለ ሰው እንዴት ዋጋ ልጥራ? አፌ ራሱ ተናገረ።

«ለእርስዎ? ይተዉት። ለእርስዎ አይከፈልም።»

እኛ አገር ከዚህ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰውየው «ኧረ በፍጹም! እንዴት ይሆናል?» ይላል። እኔ «ግድ የለም» እላለሁ። እሱ «አይሆንም፣ የልጅዎ ድካም ነው» ብሎ ይምላል። እኔ አንዴ ወይም ሁለቴ እምቢ እላለሁ። በመጨረሻ ይከፍላል፤ ሁለታችንም ተከባብረን እንለያያለን። አርባ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ በሱቅና በገበያ ስንት ጊዜ ሌላውን ደንብ አይቼ፣ በዚያች ደቂቃ ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

«እውነትዎን ነው?» አለ ሰውየው።

«እውነቴን ነው» አልኩ፤ እምቢታውን እየጠበቅሁ።

«እንደኔ ቤታቸው ለሚጠቀሙ ሁሉ ነው?»

አሁን ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ። አፈርኩ። «አዎ» አልኩ።

«በጣም ደግ ነገር ነው» አለ። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። እጄን ጨብጦኝ ሄደ። አልተመለሰም። አልማለም። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ልጄ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ንግግሯ አምሮላታል። «ሰው መጣ?» አለችኝ። «አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር» አልኩ። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም።

ሰኞ ጠዋት ከትንሿ ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ልጄ አትጮህም። ሮጬ ስገባ ስክሪኑን ታየዋለች። ሰውየው የእነሱ ሰዎች በሚገናኙበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ፣ ድርጅቱ ለቤት ተጠቃሚዎች ፕሮግራሙን በነፃ መስጠት መጀመሩን ከጠረጴዛው በቀጥታ እንደሰማ ጽፏል። አመስግኗታልም። ከሥሩ ብዙ ሰው ጽፏል። አንዳንዶቹ «ትናንት ከፍዬ ነበር፤ መልሱልኝ» ይላሉ።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አለች ልጄ። «ማን ነው በኔ ስም እንዲህ የሚያወራው?»

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወደ ወጥ ቤት ተመልሼ የታጠበውን ሰሃን እንደገና አጠብኩ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደነዚያ ሦስት ቀናት ፈርቼ አላውቅም። ስደት ወጥቼ ድንበር ሳቋርጥም ፈርቼ ነበር፤ ያኔ ግን የምፈራው ሰው ጠመንጃ የያዘ ነበር። አሁን የምፈራው በዚያ ግድግዳ ማዶ ተቀምጣ «ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሯል» እያለች ለመቶ ሰው መልስ የምትጽፈውን ልጄን ነው። ሐሙስ ሻይ ይዤላት ገባሁና ሳልቀመጥ ነገርኳት።

ወንበሯን አዙራ አየችኝ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«እማዬ፣ ለምን?»

«ሻይ አምጥቶልኝ ነበር።»

ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብኩ። እየሳቀች ነበር። ቀጥሎ ግን ሳቁ ቆመ፤ እንባው ብቻ ቀረ።

«ስንት ጊዜ እምቢ ይላል ብለሽ ነው የጠበቅሽው?» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ሁለት ጊዜ ቢበዛ።»

«ፈረንጅ እኮ ነው፣ እማዬ! አንዴም አይልም!»

ያን ቀን ማታ ሳሎን ተቀምጣ እያሰበች ጮክ ብላ ተናገረች። ለእኔም ለራሷም ነበር። ቃሉን ብታጥፈው እነዚህ ሰዎች ይቅር አይሏትም፤ ዋጋ መጠየቅን ያልፋሉ፣ መታለልን አያልፉም። ቃሉን ብትጠብቀው ለባንኩ የሚከፈለው ገንዘብ ይቆማል። ሌላም ነገር አለ አለች። የቤት ተጠቃሚዎቹ ቀን ቀን ሥራ ቦታ አላቸው። ብዙዎቹ የድርጅታቸውን ኮምፒውተሮች የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ቤታቸው የለመዱትን ነገር ሥራ ቦታቸው ይፈልጉታል። ድርጅቱ ደግሞ እንደ እነሱ አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳለት፣ የሚወቀስ ሰው ይፈልጋል። የሚከፍለውም ለዚያ ነው።

«ስለዚህ ምናልባት ትክክል ነሽ» አለችኝ።

«እኔ እንዲህ አስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው። ድርጅቶቹ እስኪመጡ እንተርፋለን ወይ ነው።»

በማግሥቱ ጻፈችው። ለቤት ተጠቃሚ በነፃ፣ ሁልጊዜ። «ሁልጊዜ» የምትለዋን ቃል ከመጻፏ በፊት አንብባ አሰማችኝ። ቤቱ ያንቺ ነው፣ ምን ትያለሽ ማለቷ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። ማጥፋቴን በዚያ የምክስ መስሎኝ ነበር።

የሚጠቀመው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልጄ እስክትደነግጥ በዛ። ነጭ ጢሙ ሰውዬ በየሳምንቱ የፕሮግራሙን ጉድለት እየዘረዘረ ይጽፍላታል፤ ሌሎች ሲጠይቁም እሷን ሳይጠብቅ እሱ ራሱ ይመልስላቸዋል። ደብዳቤውን የሚጨርሰው «ለእናትሽ ሰላምታ» ብሎ ነው። ሰላምታው በመጣ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

በዚህ አገር በጋ ላይ አንድ ድርጅት ተዋዋለ። መስከረም ላይ ሁለት ተጨመሩ። ልጄ ቤቱን እየዘለለች ዞረችው። እኔም ደስ አለኝ፤ እስከ ማታ ድረስ። ማታ ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ ጠየቅኳት።

«ትልልቅ ድርጅቶች ቶሎ አይከፍሉም። ሦስት ወር ይላሉ፤ አራት ያደርጉታል።»

«ባንኩስ?»

«ባንኩን አናግሬያለሁ።»

ባንኩ አንዴ ታገሠ። ሁለተኛው ክፍያ ሲያልፍ ደብዳቤው ለእሷ ሳይሆን በኔ ስም መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ስድብ የለበትም። በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ በመያዣው ላይ መብታቸውን እንደሚጠቀሙ ይገልጻል። መያዣ የሚሉት ወጥ ቤቴን ነው። ባለቤቴ የሞተበትን ክፍል ነው። ደብዳቤውን መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥኩና ገበያ ሄድኩ። ምን እንደምገዛ ጠፍቶኝ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ።

ለልጄ ያሳየኋት በሁለተኛው ቀን ነው። አንብባ ቁጭ አለች። «እኔም የምነግርሽ ነገር አለ» አለችኝ።

ተመሳሳይ ፕሮግራም በውድ የሚሸጥ አንድ ትልቅ ኩባንያ ሊገዛት ጠይቋል። የሚሰጠው ገንዘብ የባንኩን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ለእሷም ጥቂት ይተርፋታል። መልስ የሚፈልገው በሳምንት ውስጥ ነው።

«እሰይ!» አልኩ።

እሷ እሰይ አላለችም። «የሚገዙት ፕሮግራሙን አይደለም፣ እማዬ። ከኔ የተሻለ አላቸው። የሚገዙት የሚጠቀሙበትን ሰዎች ነው። ነፃውን ያቆሙታል። ቤታቸው የሚጠቀሙት ወይ በየዓመቱ ይከፍላሉ ወይ ይወጣሉ።»

«ሁልጊዜ ያልሽውስ?»

«እነሱ አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ባትሸጪስ?»

«የሦስቱ ድርጅቶች ገንዘብ ምናልባት በጊዜው ይገባል። ምናልባት ባንኩ አንድ ወር ይጨምርልናል። ከዚያ በኋላ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ገና አሁን ነው ሥር የያዘው።» ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ፣ «ቤቱ ያንቺ ነው። አንቺ በይኝ። ሽጪ ካልሽ እሸጣለሁ፣ አትሽጪ ካልሽ አልሸጥም። ምንም አልልሽም» አለች።

አንድ ቀን ስጪኝ አልኳት። ያን ቀን ዌምብሊ ሄድኩ። የክርስትና እናቷ ቤት ስገባ ሶፋዋን አየሁ። ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነውን። የኔን ብርድ ልብስ እላዩ ላይ አየሁት፤ አልነበረም፣ ግን አየሁት።

«ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እኔ ብሆን ትናንት እሸጥ ነበር» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀልድ አልጨመረችም። «ግን ልጅቷን አይተሻታል? ስለዚያ ነገር ስታወራ ፊቷን አይተሻል?»

አይቼዋለሁ። ለዚያ ነው የመጣሁት። ልጄ ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ይሄም ይታወቀኝ ነበር። ሁለት ዓመት በግድግዳ በኩል ሰምቼ ሥራው ገብቶኛል። ሰውዬው በደብተሩ የጻፈው ቃል የወጣው ከኔ አፍ እንደሆነም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ወገን አስቀምጬ፣ በሌላው ወገን ደብዳቤውን አስቀመጥኩ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ተከራይቼ ኖሬ አውቃለሁ፤ ከመጠለያ ወደ መጠለያ ሻንጣ ጎትቼ አውቃለሁ። እንደገና አልችልም።

ማታ ተመልሼ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ «ሽጪው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ፈርቻለሁ» አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ለልጄ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ተነሥታ ካፖርቴን አወለቀችልኝ። «ኦኬ» አለች። «ኦኬ፣ እማዬ።»

በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም አለቀ። ባንኩ ቤቴ ከዕዳ ነፃ መሆኗን በወረቀት ላከልኝ። አዲሱ ኩባንያ ነፃውን ፕሮግራም አቆመ። መድረኩ ላይ ልጄን የተሳደቡ ብዙ ናቸው፤ አታንብቢልኝ አልኳት፣ አላነበበችልኝም። ነጭ ጢሙ ሰውዬ ግን በቀጥታ ጽፎላት ነበርና እሱን አነበበችልኝ። አጭር ነው። ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ ማዛወሩን፣ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ማውጣቱን፣ ሰው የሚቸገርበት ጊዜ እንዳለ የሚገባው መሆኑን ይናገራል። በመጨረሻው ላይ ሰላምታ አልነበረም። ልጄ ያላነበበችልኝ እንዳለ ጠየቅኳት። «በቃ፣ ይሄው ነው» አለችኝ።

አሁን እንደገና ደመወዝተኛ ናት። ዌምብሊ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ በጊዜ ትገባለች፣ በጊዜ ትወጣለች። ትንሿን ክፍል ለቅቃልኛለች። ግድግዳው ጸጥ ብሏል። የፖስታው ቀዳዳ ሲንቀሳቀስ አሁንም እደነግጣለሁ፤ ሰውነቴ ገና አላመነም።

ባለፈው እሁድ ምሳ ከበላን በኋላ ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ታች ስታይ ቆየች። ዘወር አለችና፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር አስቤ ነበር» አለች። ፊቷ ላይ ያ ብርሃን ነበር፤ ከጉባኤው ንግግር ስትመለስ ያየሁት። እጄ ላይ የነበረውን ሰሃን አጥብቄ ያዝኩት። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እሷ ግን አየችው።

«ተይው» አለች። «ምንም አይደለም።»

ምን አሰብሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ሰሃኑን አስቀምጬ፣ ተቀመጪ፣ እንደ ያኔው ወረቀት ላይ ሣይልኝ፣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የሰሃን ማጠቢያውን ውሃ አፈሰስኩ፤ ስለ ክረምቱ ማሞቂያ አወራን።